ጋሽ ተፈራ የሚያንጎራጉሩት

እዚህ ውጭ አገር ሄምሼንስት የሚሉት የቤት ለቤት እንክብካቤ ውስጥ ነው የምሠራው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እረዳለሁ። ቮርቢ ጎርድ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ጋሽ ተፈራ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስዊንግ ጃዝ በሚጫወት ትልቅ ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፉ ነበር። አንድ ቀን ልጃቸው ሰብለ በር ላይ ያዘችኝ። «አባዬ እየረሳ ነው። የራሱን ባንድ ዘፈን እንኳን አበላሽቶ ነው የሚያንጎራጉረው። ሐኪም ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ከእንግዲህ ብቻውን መኖር የሚችል አይመስለኝም» አለችኝ። እውነትም ሳዳምጣቸው ዜማው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ትንሽ ይሉና ዝም ይላሉ፣ ደግሞ ከየት እንደመጣ ከማላውቀው ቦታ ይቀጥላሉ። አዘንኩ።

ካልሲያቸውን እያጠለቅኩላቸው፣ እንዲያስታውሱ ብዬ የባንዳቸውን ዘፈን ከስልኬ ከፈትኩት። አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ። ክው አልኩ! ያ ተበላሸ የተባለው ሁሉ ከዘፈኑ ሥር ገብቶ ልክክ አለ። እሳቸው ዝም ሲሉ ዘፋኙ ይገባል፣ ዘፋኙ ሲተነፍስ እሳቸው ይገባሉ። ሰብለ ከኩሽና ወጥታ ቆመች።

«ዋናውን ዜማ ለምን አያንጎራጉሩትም?» አልኳቸው።

ተቆጡ። «እኔ ሦስተኛ ሳክስፎን ነበርኩ፤ የምነፋው ከዜማው ሥር ያለውን ነው! እሱ የሌላ ሰው ሥራ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ «አንቺ ግን ይኸን ሁሉ ዓመት ዘፋኙን ነበር የምትሰሚው?»