የለቀቀ ሰው ቁልፍ

ቦንጋ አልጋ ይዤ የከርነል ስህተት ሳርም የገጠመኝ ነው። ከርነል የኮምፒውተር ሲስተም እምብርት በሉት። እዚያ ውስጥ አንድ ፕሮግራም የሌላው የሜሞሪ ቦታ ውስጥ እየገባ ያበላሻል፤ ለሌባ የሚመች ቀዳዳ ነው። በየት ሰብሮ እንደሚገባ ጠፍቶኝ ላፕቶፔን ታቅፌ ስቆዝም፣ የቆለፍኩት በር ተከፈተና አንድ ጎልማሳ ሻንጣ ይዘው ገቡ። «አንተ፣ ክፍሌ ውስጥ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ፤ እኔ ልጠይቃቸው ስል። የአልጋ ቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ ደረሱ። «ጋሽ ታደሰ፣ ትናንት ለቀው ቢታ ገነት ሄደው የለም እንዴ?» «ሄጄ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ቀርቶ ነበርና ተመልሼ ገባሁ።» እትዬ አልማዝ ቁልፉን ተቀብለው «ትርፉም አንተው ጋ ይሁን» ብለው ሰጡኝ፤ እኔ ግን ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካ የእኔም ፕሮግራም ምንም አልሰበረም። ቦታውን ሲለቅ ቁልፉን የተቀበለው የለም። ቦታው ሲለቀቅ ቁልፉ፣ ማለትም መግቢያ አድራሻው፣ አብሮ እንዲሰረዝ አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ፤ ስሞክረው ቀዳዳው ተደፍኗል።

በማግስቱ ደረቴን ነፍቼ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሺሺንዳ ስንደርስ እትዬ አልማዝ ደወሉ። «ልጄ፣ የለቀቅከውን ክፍል ለጋሽ ታደሰ ሰጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ ቆመዋል» አሉኝ። እጄን ቀስ ብዬ ኪሴ ከተትኩ። ሁለቱም ቁልፎች እዚያው ናቸው።