ከልክ ደብተሬ የጠፉ ስሞች

«ወንድም ማቴዎስ፣ መቀሱን አስቀምጥልኝ!»

ጋሽ ዳንጊሶ ይህን ያሉት ገና አንድ እግራቸው ባጃጁ ውስጥ ሳለ ነው። ነሐሴ እያለቀ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አዲስ ከተማ ያለችው የስፌት ሱቄም በተማሪ ልብስ ተጨናንቃለች። ጠረጴዛዬ ላይ የልጅ ልጃቸው የሮሆቦት የደንብ ልብስ ጨርቅ ተዘርግቶ በጠመኔ ተሰምሮበታል። መቀሱን ጫፉ ላይ ላሳርፍ ስል ነው የደረሱብኝ።

አስቀመጥሁ። በሃያ ስድስት ዓመት የስፌት ሥራ የተማርሁት ነገር ቢኖር፣ ሰው ተቆጥቶ ሳለ ጨርቅ አለመቁረጥን ነው። የክፍል ትምህርቴ ከሰባተኛ አላለፈም። የቀረውን ከራዲዮ፣ ከተዋስኋቸው መጻሕፍት፣ ይልቁንም ልካቸውን ለመስጠት እጃቸውን ዘርግተው ከቆሙ ሰዎች ወሬ ነው የለቀምሁት። የዚያን ቀኑንም የምጽፈው ጌታን ሳመሰግንበት ስለምኖር ነው።

«ምነው ጋሼ፣ በሰላም?»

«ምን ሰላም አለ! ጨርቁን መልስልኝ። ሮሆቦት ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትሄድም። አክስቷ ሱቅ ትቀመጣለች፤ አለቀ።»

ሮሆቦት ከኋላቸው ገብታ በሩ ሥር ቆማለች። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ሦስተኛ ክፍልን እንደ ምንም ጨርሳ ወደ አራተኛ ልታልፍ ነው። ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሣችም።

ጋሽ ዳንጊሶ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። «እየው! ‹ልዩ ፍላጎት› ይላል። የድጋፍ ክፍል ትግባ፣ ፈርም ይሉኛል። በጉባኤ ፊት ቆማ ቃለ እግዚአብሔር የምታነብ ልጅ! እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ነገ ሰው በሽማግሌው ቤት ምን ገባ ይላል? ይህን የጻፈችውን መምህርት አንድ ቀን ባገኛት!»

ጥጉ ላይ ካለችው አግዳሚ አንዲት ወጣት ተነሣች። ነጭ ጋውኗን እስካሳጥርላት ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር።

«አባባ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ኢያኤል እባላለሁ።»

ጋሽ ዳንጊሶ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ለሩቅ ሰው ያዘጋጁት ቁጣ ቅርብ ሲሆን መያዣው ጠፋቸው።

«አንቺ? እንዲህ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«ለጋውኑም ልጅ ነኝ፤ ረዘመብኝ።»

እኔ ሳቄን ዋጥሁ። እሳቸው ግን ፊታቸውን አልፈቱም፤ በርጩማ ስቤ ስላቀረብሁላቸው ብቻ ተቀመጡ።

«እሺ ልጄ፣ እዚሁ እንነጋገር። ካቻምና በትምህርት ቤታችሁ ስንት ልጅ ነበር በዚህ መዝገብ የገባው?»

«አራት።»

«አምና?»

«አሥራ አንድ።»

«ዘንድሮስ?»

«ሮሆቦትን ጨምሮ ሠላሳ።»

«ሰማህ ወንድም ማቴዎስ? አራት፣ አሥራ አንድ፣ ሠላሳ! ይኼ ድጋፍ ነው ወይስ ወረርሽኝ? እኛ ስንማር ዓይኑ የማያይ አንድ ልጅ እናውቅ ነበር፤ በቃ። ዩኒቨርሲቲው እናንተን ባስመረቀ ቁጥር በሽተኛ ይበዛል።»

ኢያኤል አልተቀየመችም። «አባባ፣ ልጆቹ አልበዙም። የበዛው የሚያያቸው ሰው ነው። ድሮ ልዩ ፍላጎት ሲባል ማየት፣ መስማትና መራመድ የተሳናቸው ብቻ ነበር የሚታሰቡት። አሁን ፊደል የሚምታታባትን፣ ንግግር የሚዘገይበትን፣ ተረጋግቶ መቀመጥ የሚያቅተውንም ለይተን እንረዳለን። እነዚህ ልጆች ፊትም ነበሩ።»

«የት ነበሩ? ለምን አላየናቸውም?»

«ትምህርት ያቋረጡ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ነበሩ።»

ይህን ስትል አንድ ነገር ልቤን ነካኝ። ብዙ አልናገርም፤ ያን ቀን ግን ተነሥቼ ከመደርደሪያው ላይ የድሮ የልክ ደብተሬን አወረድሁ። የልክ ደብተር አልጥልም። የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ ቁመቱ፣ ወገቡ ይጻፍበታል፤ ልጁ ሲያድግ በየዓመቱ ከሥሩ አንድ መስመር ይጨመርለታል።

«ጋሼ፣ ይዩ። ይኼ ልጅ አንደኛ፣ ሁለተኛ፤ ከዚያ የለም። ይቺ እስከ ሦስተኛ። ይኼኛው ሦስተኛን ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ የለም።»

«ቤተሰቡ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ይሆናላ!»

«የታናናሾቹን የምሰፋው እኮ እኔ ነኝ።»

ደብተሩን ወደ እሳቸው አስጠጋሁት። ገጹን ስገልጥ ያላሰብሁት መጣ፤ የራሳቸው ልጅ፣ የሮሆቦት አባት ስም ነበር። ቶሎ ላልፈው ስል ጣታቸው ቀደመኝ።

«ይኼ ዘሪሁን ነው» አሉ። «የሱ ሌላ ነው። እሱ ሰነፍ ነበር። በቀበቶ ሳይቀር ሞክሬዋለሁ። ዛሬም ቢሆን ሁለት ቃል ጽፎ መላክ ይሰለቸዋል፤ የሚነዳው ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ድምፁን ይልክልኛል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ቁልፍ እየፈለግሁ እጽፋለሁ!» ደብተሩን ገፋ አደረጉት። «ሮሆቦት ግን እንደ አባቷ አይደለችም። ነይ እስቲ፣ አንብቢላቸውና ይፈሩ።»

«አባባ፣ እባክዎ፣ ሰው ፊት አያስነብቧት» አለች ኢያኤል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ፈራሽ?»

ከስፌት መኪናዬ አጠገብ የማስቀምጠውን ቅዱስ መጽሐፍ አንሥተው ለልጅቷ ሰጧት። ሮሆቦት መሐሉ ላይ ገለጠችው፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያ አንድ የምስጋና መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረደችው። አንድም ቃል አልተሰናከለባትም። ድምፅዋ ንጹሕ ነው፤ ማረፊያውን ታውቃለች። ጋሽ ዳንጊሶ ቃል ሲነበብ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ነው የሚሰሙት። የአክብሮት ልማዳቸው ነው። «አሜን» አሉ በመጨረሻ።

እኔ ግን ፊት ለፊቷ ነበርሁ። ገጹ መዝሙር አልነበረም፤ ማን ማንን ወለደ የሚል የስም ዝርዝር ነው።

ልጅቷ ቀና ስትል ዓይኔ ላይ አረፈች። እንዳየሁ አወቀች። አፌን አልከፈትሁም፤ ኢያኤልም እንዲሁ። ሮሆቦት ከንፈሯን ነክሳ ትንሽ ቆመችና መጽሐፉን እንደተገለጠ ወደ አያቷ አስጠጋችው።

«አባባ፣ አንዴ ይዩት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አንድ ስም፣ ሁለት ስም፣ ሦስት።

«ይኼ እኮ… የትውልድ ቁጥር ነው።»

«አላነበብኩም፤ የሰንበት አስተማሪያችን ስታነብ ሰምቼ ነው የያዝኩት። ለእኔ ፊደሎቹ ቆመው አያውቁም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ሲልዎት አየሁ።»

ጋሽ ዳንጊሶ መጽሐፉን አጥፈው፣ በሌላ ድምፅ፣ «ስንፍና ነው?» ብለው ኢያኤልን ጠየቋት።

«አባባ፣ አንድ ምዕራፍ በጆሮዋ ብቻ የያዘች ልጅ ሰነፍ ትባላለች? በአማርኛም በሲዳምኛም ፈትኛታለሁ። ጭንቅላቷ ጤነኛ ነው፤ የፊደልን መልክና ድምፅ ማገናኘቱ ነው የሚከብዳት።»

«በጸሎት አይሆንም?»

«እኔም እጸልይላታለሁ። እርስዎስ መነጽር ሲያደርጉ እምነትዎ ጎደለ ያለዎት ሰው አለ?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፤ መልሰው አደረጉት። «ከጓደኞቿ ትለዩአታላችሁ?»

«አንለያትም። ያው ክፍሏ ውስጥ ናት። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እኔ ጋ ትመጣለች። ትልልቅ ፊደል በጣቷ እየዳሰሰች፣ ድምፁን እያወጣች ትማራለች። ፈተና ላይ ጥያቄው ይነበብላታል፤ ሰዓትም ይጨመርላታል።»

«ለሚዳሰሰው ፊደል ሻካራ ጨርቅ ይሆናል?» አልሁ እኔ። ጥጉ ላይ ቁርጥራጭ የሞላበት ማዳበሪያ ነበር።

«ጋሽ ማቴዎስ፣ ከካርቶን እየቆረጥኩ እጄ ተላጠ እኮ!»

ሮሆቦት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችና፣ «አባዬም እንደኔ ነው» አለች። «ለዚያ ነው ድምፅ ብቻ የሚልከው። ለማንም አትንገሪ ብሎኛል።»

ጋሽ ዳንጊሶ የድሮውን ደብተር ሳቡ፤ የልጃቸው መጨረሻ መስመር ላይ ጣታቸውን አድርገው ቆዩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ጠይቀው ወረቀቱን ፈረሙ። ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው፣ «ቁረጠው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የምስጋና ነው። በየሳምንቱ አርብ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ፊደል እየቆረጥሁ ለኢያኤል ላክሁ፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆምሁ ሰው አሁን የትምህርት ቤት ባለሟል ሆኛለሁ። ጠዋት ጠዋት ለትምህርት ቤት ስትነሣ ሮሆቦትን ያማት የነበረው የሆድ ሕመም ተዋት። የሰንበት አስተማሪዋም ልጆችን ከማስጠናት አልፋ ፊደሉን በጣት ማስከተል ጀመረች። ጋሽ ዳንጊሶ ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ «እኔ ልጄን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሰማት፤ እናንተ ገልጣችሁ ስሙ» ብለው ተናገሩ። በሳምንቱ ሦስት ቤተሰቦች፣ ሲደብቁት የከረሙትን ወረቀት ፈርመው መለሱ። መዝገቡ ዘንድሮም ጨምሯል። አሁን ግን ቁጥሩን ስሰማ አልደነግጥም፤ የደብተሬ መስመሮች እየረዘሙ ነውና።

በዓመቱ፣ በዚያው በነሐሴ፣ አያትና ልጅ ለአምስተኛ ክፍል ልብስ መጡ። ወገቧን ለክቼ ደብተሩን ስገልጥ ሮሆቦት፣ «እኔ ልጻፈው» አለች። ስሟን ጻፈችው። «ቦ» ትንሽ ተንጋዳለች፤ አላረምሁትም። ከዚያ የድሮውን ደብተር ያውርዱልኝ አለችኝና ገጹን ፈልጋ አገኘችው። ጣቷ ከፊደል ፊደል ቀስ ብሎ ሄደ።

«ዘ… ሪ… ሁን። ዘሪሁን። ዳን… ጊሶ። ሦስተኛ… ክፍል።» ቀና አለች። «አባባ፣ አባዬ ነው! ማንም ሳያነብልኝ አነበብኩት!»

ጋሽ ዳንጊሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ሰነፍ አልነበረም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። ዓመቱን ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣ ቃል ነበር። ስልካቸውን አወጡና እንደ ልማዳቸው ቁልፍ መፈለግ ጀመሩ፤ ወዲያው ተዉት። ስልኩን ለሮሆቦት ሰጧት።

«አባትሽ የሚሰማው በየትኛው ነው? እሱን አሳዪኝ።»

ልጅቷ አውራ ጣታቸውን ይዛ የድምፁ ምልክት ላይ አሳረፈችላቸው። ጋሽ ዳንጊሶ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«ዘሪሁን ልጄ፣ አባትህ ነኝ…»

ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ነገር ስሰማ ኖሬአለሁ። ይህን ግን ለእሱ ለብቻው ትቼ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የስፌት መኪናዬን መርገጥ ጀመርሁ።