ሰነፍ የተባለው አማች

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ፣ ልጃቸውን ከባሏ ቤት ሊያመጡ ቆርጠው ሱቃቸውን ዘግተው ሲወጡ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ነርስ የሆነችውን የእህታቸውን ልጅ አገኟት።

«ጋሼ፣ እንዲህ ተቆጥተው ወዴት ነው?»

«ከዚያ ሰነፍ አማቼ ልገላገል! ቀለም ቀቢ ነኝ ይላል፤ ብሩሹ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ልጄ ብቻዋን ስትለፋ እሱ ተጋድሞ ይውላል።»

«እሱ እኮ ለሥራ ሟች ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ከተመታ ወዲህ። ግን እሱ ድሮ ዳነ! ቁስሉ ጠግጎ፣ ሐኪም ቤትም ደህና ነህ ብለው አሰናብተውታል። አሁን የተረፈው ስንፍና ነው።»

እርግጥ ሽማግሌው አንደበታቸው ይፋጅ እንጂ ሆደ ቡቡ ነበሩ። አማቻቸውን እንደ ወለዱት ልጅ ይወዱታል፤ ንዴታቸውም የመጣው ከዚያው ነው።

«ይበርደዋል?» አለች ነርሷ።

«በጠራራ ፀሐይ ካፖርት ይለብሳል!»

«ጢሙስ?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «እውነትሽን ነው፤ በየማለዳው ይላጭ የነበረው ሰውዬ ጉንጩ እንደ ሕፃን ለስልሷል። ታዲያ ጢምና ስንፍናን ምን አገናኛቸው?»

«ከአንጎላችን ሥር አተር የምታክል ዕጢ አለች፤ ፒቱታሪ ይሏታል። ሌሎቹን ዕጢዎች የምታዘው እሷ ናት። ጉልበቱም፣ ሙቀቱም፣ ጢሙም፣ የባልና ሚስቱ ነገር እንኳ ሳይቀር በእሷ እጅ ነው። ጭንቅላት ክፉኛ ሲመታ እሷም ልትጎዳ ትችላለች፤ ምልክቱ አንዳንዴ ከወራት በኋላ ነው ብቅ የሚለው።»

«ይህን ሁሉ አንዲት አተር?»

«የስፌት መኪናዎ መርፌ ቢሰበር፣ ጨርቁን ሰነፍ ይሉታል?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ የእናትሽ ነው!» ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ሰነፍ ሆኖ ቢገኝስ?»

«የደም ምርመራው ይናገራል። ደህና ከሆነ ያኔ ይቆጡት። ታሞ ከሆነ ግን ቁጣዎ አያድነውም፤ ሳይታከም ሌላ ሕመም ቢደርብበት ሕይወቱንም ሊያጣ ይችላል።»

ሽማግሌው አውቶቡሱ ሲመጣ ነርሷን አስከትለው ተሳፈሩ።

አማቻቸው ሲያያቸው ከአልጋው ሊነሳ ሞከረና አቃተው። «ይቅርታ አባባ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

ሽማግሌው ወቀሳቸውን ትተው በርከክ ብለው ጫማውን አነሱ። «እግርህን ስጠኝ ልጄ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ደሙ ሲመረመር ነርሷ የጠረጠረችው ልክ ሆነ። የዕጢ ስፔሻሊስት ሐኪም ዕጢዎቹ ማመንጨት ያቃታቸውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት አዘዘለት፤ ሐኪም ሳያማክር እንዳያቋርጥም አጥብቆ አስጠነቀቀው። ቀስ በቀስ ሰውነቱ ሞቀ፣ ብርታቱ ተመለሰ፣ ሥራውንም ጀመረ።

ሽማግሌውም በተራቸው መካሪ ሆኑ። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሁሉ፣ «ጭንቅላቱን የተመታ ሁሉ እንዲህ ይሆናል አልልም። ግን ቁስሉ ድኖ ሰውየው ካልዳነ፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት አስመርምሩት» ይሉታል።

ማለዳ ማለዳ ደግሞ ልጃቸው ዘንድ ይደውላሉ። «መድኃኒቱን ዋጠ?»

«ውጧል አባባ! ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ እየዘፈነ ጎረቤት አስቸግሯል። ይልቅ እሱን ትንሽ የሚያስተኛ መድኃኒት ካለ ጠይቅልኝ!»