ጤፍ ከነጠላ ሥር

(ደሴ፣ እሑድ ከሰዓት። ወጌሻዋ ወይዘሮ እንጉዳይ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ አሳድገው ሙያቸውን የሚያስተምሯትን የወንድማቸውን ልጅ ስንዱን ግራ እጇን አጥብቀው ይዘዋል፤ የስንዱ ጊታር ፀሐይ ላይ ግድግዳ ተደግፏል።)

እንጉዳይ፦ ጣትሽን ዘርጊ አልኩሽ እኮ።

ስንዱ፦ ዘርግቻለሁ።

እንጉዳይ፦ ጫፉን አሳዪኝ። ይኼ ጣት ነው የበሬ ሰኮና?

ስንዱ፦ የጊታሩ ክር ነው ያደደረው፣ እቴቴ። መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ አሁን ደደረ። ወጣት ማዕከል የሚያስተምረን ጌትዬ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኛል። ጣት ካልደደረ ክሩ በደንብ አይጫንም፣ ድምፁም አይጠራም አለ።

እንጉዳይ፦ እሱን ደስ ይበለው። ያን ጣት አሥራ ሁለት ዓመት ቅቤ እየቀባሁ ያለሰለስኩት ለጌትዬ ክር ነው? ወጌሻ በጣቱ ነው የሚያይ። አንቺ በገዛ እጅሽ ዓይንሽን አጠፋሽ።

ስንዱ፦ አንድ እጅ እኮ ነው።

እንጉዳይ፦ አንድ እጅ ያጨበጭባል?

ስንዱ፦ ግራ ይይዛል፣ ቀኝ ያያል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ግራዬን ለጊታሩ ሰጠሁት። ቀኜን ለእርስዎ አስቀምጫለሁ፤ በረኪና እንኳ አላስነካውም።

እንጉዳይ፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ለሚካኤል ማኅበርተኞቼን ሰብስቤ ሙያዬን ለስንዱ ሰጥቻለሁ ልል ነበር። አሁን ምረጪ። ወይ ያንን እንጨት ከቤቴ አውጪ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ እጅሽ በሽተኛዬ ላይ እንዳያርፍ።

ስንዱ፦ ምን አደረገዎት?

እንጉዳይ፦ ምን አደረገኝ ትይኛለሽ? አንዲቱን ዜማ ስታኪ ሦስት ወርሽ። ትናንት ጋሽ ይመር በአጥር ጠርቶ፣ ላማችሁ ልትወልድ ነው ወይስ አሟት ነው አለኝ። እኛ ላም የለንም።

ስንዱ፦ ይሳቁብኝ። ጊታሩም እንደ ስብራት ነው፤ ቦታውን ስተው ሲጫኑት ይንጫጫል፣ ሲያገኙት ይዘምራል።

እንጉዳይ፦ ስብራት ሲጫኑት አይዘምርም፣ ይሳደባል።

ስንዱ፦ እሱን ነው የምልዎት። እዚህ ቤት ቀኑን ሙሉ የነካሁት ሰው ሁሉ ይጮኻል። ስነካው የማያለቅስ አንድ ነገር ፈለግሁ።

እንጉዳይ፦ ከጋሽ ይመር ቤት ሆነሽ ብትሰሚው እሱም እያለቀሰ ነው። ለቅሶውስ ይሁን፤ የባለ ሱቋ ልጅ የእጅ አንጓ ግን? ወለምታ ነው ብለን አሽተን ሰደድን። በሦስተኛው ቀን እናቱ ከሐኪም ቤት ራጅ ይዛ መጣች፣ አጥንቱ ተሰንጥቋል ብላ በሰፈሩ ፊት አዋረደችኝ። ያዋረደኝ ይኼ ሰኮናሽ ነው።

ስንዱ፦ በሷ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ።

እንጉዳይ፦ ያንቺ ስለሆነ ነዋ።

ስንዱ፦ ልጁን በቀኝ አውራ ጣቴ ዳስሼ ምን ነበር ያልኩዎት?

እንጉዳይ፦ እኔ ምን አውቄ።

ስንዱ፦ ስንጥቅ አለ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ አልኩ። እርስዎ ዳሰሱትና፣ ወለምታ ነው፣ አንቺ ምን ታውቂ አሉኝ።

እንጉዳይ፦ የእምዬን ወደ አብዬ አትላክኪ። አርባ ዓመት ያሸሁ ሴት ነኝ። ራጅ የሚባል ሳይታወቅ የዚህ አገር ሰው በጣቴ ነው ቆሞ የሄደ።

ስንዱ፦ ያ እውነት ነው። ባለፈው ሰሞን የጋለ ድስት ያለ ጨርቅ ያወረዱ ለትስ? ጣትዎ ውኃ ቋጥሮ እኔ አየሁልዎት እንጂ እርስዎ አልተሰማዎትም።

እንጉዳይ፦ ዝም በይ። ነጠላዬን አምጪ። ከጓዳ ጤፍ አምጪ፣ አንዲት ፍሬ።

ስንዱ፦ እንደ ልጅነቴ?

እንጉዳይ፦ እንደ ልጅነትሽ። አራት እጥፍ፣ ጤፏ ከሥር። እኔ አስቀምጣለሁ፣ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ በግራሽ ፈልጊ።

ስንዱ፦ ...የለችም። አላገኘኋትም።

እንጉዳይ፦ ይኸው፣ ከአፍሽ ወጣ።

ስንዱ፦ በቀኜ ልያት። ...እዚህ፣ ጥለቱ አጠገብ።

እንጉዳይ፦ ዕድል ነው።

ስንዱ፦ እንግዲያው ተራው የእርስዎ ነው። ይጨፍኑ፣ እኔ ላስቀምጥ።

እንጉዳይ፦ እኔን ልትፈትኚኝ? ይኼን እኔ አስተማርኩሽ፣ እኔን እናቴ አስተማረችኝ። አስቀምጪ። ...ቆይ። ወዲህ ነው። ...ይቻትና፣ መሐሉ ላይ። ከጣቴ ሥር ናት። ከእንግዲህ ስለ ጣቴ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ስንዱ፦ እቴቴ፣ ዓይንዎን ይግለጡ። ጤፏ ከመዳፌ አልወጣችም።

እንጉዳይ፦ እስቲ መዳፍሽን አሳዪኝ።

ስንዱ፦ ይቻት። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ወደፊትም አልናገርም።

እንጉዳይ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂ?

ስንዱ፦ ከፋሲካ በፊት።

እንጉዳይ፦ እኔ ደግሞ ከገና ጀምሮ። የኔው መደንዘዙ ሳያንስ ያንቺ ሲደድር ባይ ጊዜ፣ ይኼ ቤት ከእንግዲህ በምን ያያል ብዬ ነው የጮኽሁብሽ።

ስንዱ፦ አንድ እጅ ቀርቶልናል።

እንጉዳይ፦ ነገ በሽተኛው ሲመጣ እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ታያለሽ። ...በይ፣ ጊታርሽን ከፀሐይ አንሺው። እንጨት ነው፣ ይሰነጠቃል።