ክላክስ በእብነበረድ ላይ

በእኛ ጊዜ እኮ ልጆቼ፣ ሰው ሁለት ስም ነበረው፤ አንዱ ቀበሌ መዝገብ ላይ ያለው፣ አንዱ ሰፈሩ የሚጠራው። ምን ያስቅሃል አንተ? የአንተንም አውቀዋለሁ፣ እናገረዋለሁ!

እና ያ የድንበሩ ጦርነት ሲያልቅ ከእኛ ከካዛንቺስ፣ ከዚችው ሰፈር፣ አራት ልጆች ሳይመለሱ ቀሩ። አራት! ታዲያ እድሩ ተሰበሰበና “ስማቸው በእብነበረድ ተቀርጾ እድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ይሁን” ተባለ። ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበሩ ጋሽ ታዬ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ጋሽ ታዬ ማለት ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳን “በደረሰባችሁ ሐዘን እድራችን የተሰማውን ጥልቅ...” እያለ እንደ ደብዳቤ የሚያጽናና ሰው ነው። የእድሩን ማህተም በኮቱ ኪስ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ያለ ማህተም ድንኳን አያስወጣም፣ ሬሳው ይጠብቃል!

“ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ያለ ስርዝ ድልዝ፣ አጣርተህ አምጣ” አለኝ። እኔም ቤት ለቤት ዞሬ አመጣሁ።

ከአራቱ አንዱ የእትዬ በላይነሽ ልጅ ነው። ይህ ልጅ ከመዝመቱ በፊት የታክሲ ረዳት ነበር፣ ወያላ፣ እና ድምፁ ለጉድ ነው! “ኦሎምፒያ፣ ቡልጋሪያ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!” ብሎ ሲጮህ እንኳን ተሳፋሪው የተኛውም ተነስቶ ይሮጣል። ታዲያ ሰፈሩ “ክላክስ” አለው። ክላክስ፣ በቃ። ክላክስ ስትሉት ከሩቅ “አቤት!” ይላል፤ እስቲ “ኃይለገብርኤል” ብላችሁ ጥሩት፣ ዘወር ብሎም አያያችሁ!

እና ድንጋዩ የሚመረቅ ዕለት ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። መጋረጃው ተገለጠ፣ ጋሽ ታዬ መነጽሩን አደረገና አራቱን ስም አንድ በአንድ አነበበ። ታምናላችሁ? አንድ ሰው አላለቀሰም። እርስ በርሱ ይተያያል። ከኋላዬ ያለችው ጎረቤታችን ጠጋ ብላ “ኃይለገብርኤል የቱ ነው ደግሞ? የእኛ ሰፈር ልጅ ነው?” አለችኝ። ክላክስን አዝላ ያሳደገችው እኮ እሷ ናት!

ታዲያ እትዬ በላይነሽ ብድግ አሉና “ልጄ የት አለ?” አሉ።

“ይኸውልዎ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ፤ ኃይለገብርኤል ዘውዴ” አለ ጋሽ ታዬ።

“ስሙንማ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በዚህ ስም ማን ጠርቶት ያውቃል? እኔ እናቱ እንኳን እንዲህ ብዬ የምጠራው ስቆጣው ብቻ ነበር። አሁን ከሞተ በኋላም ልቆጣው ነው?”

ጋሽ ታዬ ግን፣ ማለቴ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ደንብ ሆኖበት ነው እንጂ፣ “ወይዘሮ በላይነሽ፣ በእብነበረድ ላይ ክላክስ ተብሎ አይጻፍም! ነገ መንገደኛ ቢያይ የመኪና ዕቃ መሸጫ ነው ብሎ ይገባል” አላቸው።

“እርስዎንስ ቢሆን ሰፈሩ በስምዎ ነው እንዴ የሚጠራዎት?”

“እኔን? ታዲያ ምን ይለኛል?”

ዞሮ እኔን አየ። እኔ ጣራውን አየሁ። “አንተ ጸሐፊ፣ ምንድን ነው የሚሉኝ?” ሃያ ዓመት ሙሉ አያውቅም እኮ! ምን ላድርግ፣ “ማህተም... ጋሽ ማህተም ነው የሚሉህ” አልኩት ቀስ ብዬ። እጁ ወዲያው ወደ ኮቱ ኪስ! ሰው አፉን በነጠላ ያዘ። መጀመሪያ ያመለጣቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እየሳቁ እንባው መጣባቸውና “ክላክሴ! ክላክሴ!” ሲሉ ቤቱ በሙሉ ተከተላቸው። ያ ልጅ የተለቀሰለት ያን ጊዜ ነው።

ጋሽ ታዬ አኩርፎ ወጣ። ሦስት ቀን ከቤቱ አልወጣም፣ ቤቱ ሄጄ ሰላም ብለውም አልመለሰልኝም። በአራተኛው ቀን በሬን አንኳኳና ቆሞ “ይጻፍ” አለ። “ግን በቅንፍ!”

“በቅንፍ ይሁን” አልኩት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

እና አብረን ሄደን ድንጋይ ቀራጩን አነጋገርን፣ ቅጽል ስማቸው ተጨመረ። የሦስቱ ማለቴ ነው። የአራተኛው ለእብነበረድ የሚሆን አልነበረም፤ እህቱ ራሷ “ኧረ ተዉት!” አለች። አትጠይቁኝ፣ አልናገረውም።

ታዲያ ከቀራጩ ስንመለስ ጋሽ ታዬ መንገድ ላይ ቆም አለና “ለመሆኑ ይህን ስም ማነው ያወጣልኝ?” አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን “ክላክስ ነው” አልኩት። የኮቱን ኪስ ዳሰስ አደረገ። ከዚያ ፈገግ አለና “እሱ ከሆነማ ምን አደርጋለሁ። ከእሱ የቀረልኝ ነው” አለ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ጋሽ ማህተም ሲሉት ደረቱን ነፍቶ “አቤት!” ነው።

“ጋሼ፣ ግን እውነት ክላክስ ነበር ያወጣላቸው?”

ልጄ፣ ክላክስማ ምን በወጣው! እኔ ነኝ እንጂ። ሃሃሃ! ኧረ ቀስ በሉ፣ የጋሽ ታዬ ልጆች እዚሁ ሰፈር ናቸው! ደግሞ በሙት ላይ ዋሸ እንዳትሉኝ፤ ያ ልጅ ቢኖር ኖሮ “ጋሼ፣ በእኔ ያሳብቡ፣ ምን ችግር አለው!” ነበር የሚለኝ፣ ያውም እስከ ኦሎምፒያ በሚሰማ ድምፅ።