ወንድሜ፣ ከኋላ ተሰለፍ

ሚኒባሱ ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ ሲነሳ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት የከብት ክሊኒክ ሠራተኞች፣ አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጨቃጨቁ ነበር።

“ዘሀራ፣ ማሎ፣ አጣሪ ኮሚቴው ሲጠይቅሽ ‘አለቃችን ተሳድቧል’ በይና እንገላገል።”

“ማንን ተሳደበ?”

“ባለሥልጣኑን ነዋ።”

“ወላሂ አልተሳደበም! ሰውየው በሬዎቹን በመኪና ጭኖ መጥቶ ‘የእኔን ቀድማችሁ ክተቡ’ አለ። አለቃችን ደግሞ ‘ወንድሜ፣ ከኋላ ተሰለፍ’ አለው። በቃ።”

“እኔም እዚያው ነበርኩ እኮ።”

“ታዲያ?”

“ታዲያማ ልጆች አሉኝ። አለቃችንን ከቦታው ያስነሳ ባለሥልጣን እኔን ይተወኛል?”

“ጋሼ ሰይድ፣ በድሮው አለቃ ጊዜ ዝውውር ዝውውር ሲሉ የነበሩት አንቱ አይደሉም እንዴ?”

“ነኝ።”

“ለምን ተዉት?”

ጎልማሳው ከኪሱ ብር አውጥቶ ለረዳቱ ከፈለ።

“ለምን ተዉት፣ ጋሼ?”

“ያኔ ጠዋት ጋውኔን ስለብስ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ገበሬው ከንጋት ጀምሮ ከብቱን ይዞ ቆሞ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን አስቀድም እባል ይሆን እያልኩ። ይሄኛው አለቃ ከመጣ ወዲህ ሕመሙ ተወኝ። ሐኪም ቤት እንኳ አልሄድኩም።”

“አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ኮሚቴው ቀድሞ የሚጠራው አንቱን ነው።”

“አውቃለሁ።”

“ምን ሊሉ ነው?”

“እኔንጃ ልጄ። ዛሬ ከነጋ ጀምሮ ሲቆርጠኝ ነው።”

የምወርድበትን ቦታ አልፈን ስንሄድ እያየሁ፣ ምን እንደሚል ሳልሰማ “ወራጅ” ማለት አቃተኝ።