ሁለቱም ዓይኑ የሚታይ ከሃዲ

ከማክሰኝት ወደ ጎንደር በምትሄደው ማኪና አባትና ልጅ ከፊቴ ተቀምጠዋል። አባት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ናቸው፤ ልጅቱ ጎንደር ትማራለች።

«አንች ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሲኒማ ታያላችሁ ይሉኛል። እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ዕቃሽን ይዘን እንመለሳለን።»

«ለጨዋታ እኮ አይደለም አባየ። መምህራችን አንድ ታሪክ በመጽሐፍ አስነበቡን፤ ያንኑ በሲኒማ አሳዩን። አሁን ሁለቱን እያስተያያችሁ ጻፉ ብለውናል።»

«ያው አንድ ታሪክ አይደለም?»

«መጽሐፉ ሰውየው ወንድሙን እንደሚከዳ ገና ሲጀምር ይነግረናል። ሲኒማው ግን ዝም ይላል፤ እኛም ሰውየውን ወደድነው።»

«ምነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ሲታይ አላወቃችሁትም?»

«ሁለቱም ዓይኑ ይታያል።»

«የከሃዲ? እኛ ክፉን ሰው በጎን፣ ባንድ ዓይን ነው የምንሥለው፤ ሕዝቡ ገና ከደጅ እንዲለየው።»

«እሱንም እጽፈዋለሁ! ከሁለቱ ጋር አስተያየዋለሁ።»

«የኔን ሥራ? ከመጽሐፍ እኩል?»

«አዎ አባየ።»

አባት በመስኮቱ አቧራ ላይ በጣታቸው ባለ አንድ ዓይን ፊት ሣሉ፤ አዘዞ ስንደርስ ሁለተኛ ዓይን ጨመሩለት።

«ሕዝቡን ከሃዲ ያስወደደ ሲኒማ ሠሪማ ብርቱ ባለሙያ ነው። በይ ሸጋ አርገሽ ጻፊው። መምህርሽንም ጠይቂልኝ፤ ሲኒማውን ለኔም ያሳዩኝ እንደሆን።»

እኔም መንገዱን ሁሉ በጎን ብቻ ያየሁትን አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ቀስ ብዬ ዞሬ ፊት ለፊት አየሁት።